የማስረጃ ስልጠና ልሰጥ ነው፤ ከስላይዱ ምን ልጣል? (ሰሜን ሸዋ)

የመንዝ ጤና መኮንን

ሰላም ለቤቱ። ከመንዝ ወረዳዎች በአንዱ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ የጤና አሠራር» በሚል ርዕስ ለወረዳችን ባለሙያዎች ስልጠና አዘጋጅ ተብያለሁ። ሰልጣኞቹ ድብልቅ ናቸው። ከጤና ጣቢያ ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ይመጣሉ። ከጤና ኬላ ጤና ኤክስቴንሽኖች አሉ። ከወረዳ ደግሞ የእቅድና የበሽታ ቅኝት ሰዎች ይገባሉ።

ካለፈው ስልጠና የተረፈ ስላይድ ተሰጥቶኛል። ብዛቱ ለጉድ ነው። ትርጉም፣ ታሪክ፣ አምስቱ እርምጃዎች፣ የማስረጃ ፒራሚድ (ጥናቶችን በጥንካሬያቸው የሚደረድረው ሥዕል)፣ የጥናት ዓይነቶች፣ ፒ ቫልዩ፣ ምኑ ቅጡ። ጠይቅ፣ ፈልግ፣ መዝን፣ ተግብር፣ ገምግም የሚለውን ሰልጣኙ ጠዋት በፕሪቴስት አያውቀውም፣ በመጨረሻው ቀን በፖስትቴስት ይመልሰዋል። ከዚያስ? ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ሥራውም እንደ ድሮው ይቀጥላል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከዚህ ውስጥ ምን ልጣል? በምትኩስ ምን ላስገባ? ሞክሮት ያየ ካለ ያካፍለኝ። «አበል ጨምር» የሚል መልስ አልቀበልም።

አበል ናፋቂ

አበል ጨምር።

ቀልዱን ልተወውና፣ እኔ ነገሩ ራሱ ግራ ይገባኛል። ጋይድላይን (የሕክምና መመሪያ) ከላይ ተሠርቶ ይመጣል። የወባ መድኃኒቱን የምመርጠው እኔ አይደለሁም። የክትባት መርሐ ግብሩንም እኔ አላወጣሁትም። ጤና ጣቢያ ቁጭ ያለ ነርስ ሲስተማቲክ ሪቪው (ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ጽሑፍ) አንብቦ ምን ሊያደርግበት ነው? የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ስለሚጠየቅ ሰው ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ሰርተፍኬቱን ይዞ ይሄዳል። እኔ አልፈርድበትም።

ካምፓስ ዳር

ደብረ ብርሃን ላይ የጤና ተማሪዎች አስተምራለሁ። አበል ናፋቂ ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ ከሱ ልነሳ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ያወጡት አጭር ጽሑፍ አለ። ስላይዱ ሁሉ እሱን ይጠቅሳል። ምርጡን ማስረጃ ከባለሙያው ልምድና ከታካሚው ፍላጎት ጋር አጣምሩ ነው ነገሩ። ያ የተጻፈው አንድ ሐኪምና አንድ ታካሚ ፊት ለፊት ለሚቀመጡበት ክፍል ነው። የእናንተ ታካሚ ግን ቀበሌ ነው። ቀበሌ ደግሞ ካርድ አውጥቶ ወረፋ አይጠብቅም።

በሕዝብ ጤና በኩል ሮስ ብራውንሰን የሚባል አሜሪካዊ ምሁርና ባልደረቦቹ ማስረጃን ሦስት ቦታ ከፍለው ያስተምራሉ። አንደኛው «እዚህ ችግር አለ፣ የሆነ ነገር መደረግ አለበት» የሚያሰኝ ነው። ሁለተኛው «ይሄ ነገር ይሠራል» የሚል ነው። ሦስተኛው «እዚህ ቦታ፣ ለእነዚህ ሰዎች፣ እንዲህ ሲደረግ ይሠራል» የሚል ነው። ጋይድላይን የሚሰጥህ ሁለተኛውን ነው። ልክ ነህ፣ እሱን አንተ አትሠራውም። አንደኛውንና ሦስተኛውን ግን እዚያው ካለው ባለሙያ በቀር የሚያውቀው የለም። የናንተ ስላይድ ከዳር እስከ ዳር ሁለተኛው ላይ ነው የሚያልቀው። ጤና መኮንኑ፣ መቀሱን እዚያ ላይ አንሳ።

ሲስተር ከቆላ

እኔ ሸዋ ሮቢት በኩል ነኝ፣ ከ5 ዓመት በታች ክፍል። ካምፓስ ዳር ያሉትን በመዝገብ ላሳያችሁ።

ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይዞት ለመጣ ልጅ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) እና ዚንክ ይሰጥ የሚለው አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከ6 ወር በታች ለሆነ 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። እዚህ ላይ የሚፈለግ አዲስ ጥናት የለም። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

አሁን መዝገቡን ግለጡት። ምደባው «ተቅማጥ፣ የፈሳሽ እጥረት የሌለው» ይላል። ወደ ቀኝ ሄዳችሁ ሕክምናውን እዩ። ኦአርኤስ አለ። ዚንክ አንዳንዱ ላይ አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም። ሜትሮ ወይም ኮትሪሞክሳዞል ግን ተጽፏል። ደም የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ፀረ ተዋስያን ተጽፎለታል። ለምን? እናት ፀሐይ እየመታት መጥታ ዱቄት ይዛ መመለስ አትፈልግም። «መድኃኒት አልሰጡኝም» ትላለች። ባለሙያውም ይሰለችና ይጽፍላታል። ክፍተቱ ከእውቀት አይደለም። ስለ ዚንክ ጥቅም ሌላ ስላይድ ብታሳዩን የምንማረው የለም። እናቲቱን በምን ቋንቋ እናስረዳ የሚለውን ግን ማንም አላሰለጠነንም።

ማስተርስ ላይ ያለ

ስልጠና ራሱ ማስረጃ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አለው። ኮክሬን የሚባለው፣ የጤና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ስለ ትምህርታዊ ስብሰባዎችና ወርክሾፖች ያወጣው ግምገማ አለ። መካከለኛው ውጤት 6 ፐርሰንት ነጥብ ገደማ መሻሻል ነው። በቀላሉ ሲነገር፣ 100 ጊዜ መደረግ ከነበረበት ነገር ላይ 6 ጊዜ ያህል ቢጨመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የሚባል ጆርናል ላይ እንደኛ ያሉ አገሮችን ብቻ ያየ ሰፊ ግምገማ ወጥቷል። ስልጠና ብቻውን ወይም ሱፐርቪዥን (የኃላፊ ክትትልና ድጋፍ) ብቻውን ከ10 እስከ 16 ነጥብ ገደማ ያሻሽላል። ሁለቱ ሲጣመሩ ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ባለሙያዎች በቡድን ተቀምጠው የራሳቸውን ችግር ለይተው ሲፈቱ ግን ከ28 እስከ 37 ይደርሳል። እርግጥ ስለዚህ የመጨረሻው የተሠሩት ጥናቶች ጥራታቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ገምጋሚዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። የታተመ ወረቀት ብቻ ማደል ግን ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያመጣም።

አበል ናፋቂ

አየህ! ስልጠናውን በማስረጃ ገደላችሁት።

ማስተርስ ላይ ያለ

አልገደልነውም። ብቻውን አትላኩት ነው ያልነው።

ኬላዋ

ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፣ አንኮበር አካባቢ። ወንድሞቼ፣ ስልጠና ላይ ከኋላ የምንቀመጠው እኛ ነን። እንግሊዝኛው ሲበዛ ዝም እንላለን። ዝም የምንለው ስለማይገባን ብቻ አይደለም። የምናውቀውን የሚጠይቀን ስለሌለም ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጅ (የሥራ ዘርፍ) ነበር፣ አሁን ጨምሯል። ሥራው ሲጨምር መዝገብም ይጨምራል። ማስረጃ ሲባል እኛ ጆሮ ላይ የሚደርሰው «ሪፖርት አምጪ» ሆኖ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክትባት ያቋረጡ ልጆች በዙብን። ምክንያት በሚለው ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ተጻፈ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። እኛ ደግሞ የቀሩትን ልጆች ከቤተሰብ ማህደሩ (የየቤቱ መረጃ ከሚያዝበት) አወጣንና ቤት ለቤት ሄደን ጠየቅን። የክትባት ቀናችን ከገበያ ቀን ጋር ገጥሟል። እናት ልጇን አዝላ እንቁላሏን ልትሸጥ ወጥታለች፣ እኛ ኬላ ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን። ቀኑን ወር በገባ በ21 አደረግነው። የማርያም ለት እርሻ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገዳቸው ላይ ነን። አሁን ይመጣሉ።

ይሄ ማስረጃ ይባላል ወይስ አይባልም?

ካምፓስ ዳር

ይባላል እንጂ! ሦስተኛው ዓይነት ማለት እሱ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እህቴ። ቀኑ ከመቀየሩ በፊትና ከተቀየረ በኋላ ስንት ልጅ እንደመጣ አስልታችሁታል?

ኬላዋ

መዝገቡ ላይ አለ። ለብቻው አልደመርነውም።

ካምፓስ ዳር

ደምሩት። ከበፊቱ የተወሰኑ ወራት፣ ከኋላውም ያንኑ ያህል። በዚያው ሰሞን ዘመቻ ተካሂዶ ከሆነ ወይም ክረምት ወጥቶ መንገዱ ተሻሽሎ ከሆነ እሱንም ከጎኑ ጻፉት። ምናልባት ሰዉን ያመጣው እሱ ይሆናላ። ይህን ስታደርጉ «አሁን ይመጣሉ» የሚለው ወሬ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቀበሌ ሊጠቀምበት የሚችል ነገር ይሆናል። ጤና መኮንኑ፣ የስልጠናህን የመጀመሪያ ትምህርት እቺ እህት ብትሰጠው ከማንኛችንም ትበልጣለች።

ታሊ ሺት

የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓት) ባለሙያ ነኝ። ሁላችሁም መዝገብ መዝገብ ትላላችሁ። መዝገቡ ራሱ ቢዋሽስ?

ሁለት ነገር ላንሳ። አንደኛ፣ በመዝገቡ፣ በታሊው (በመቁጠሪያ ቅጹ) እና በዲኤችአይኤስ ቱ (በኮምፒውተር ሪፖርቱ) ላይ ያለው ቁጥር ሦስቱም አንድ መሆኑን ሳታዩ ወደ «ለምን» አትሂዱ። ለዚህ ኤልኪውኤኤስ የሚባል የመረጃ ጥራት መፈተሻ ዘዴ አለላችሁ። 12 የመረጃ ዓይነቶችን በዕጣ ታወጣላችሁ፣ ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራላችሁ። ከሻይ እረፍት በፊት ያልቃል። ብዙ ቦታ የሚሠራው ግን ቅጹን ለመሙላት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ማካፈያው። የሽፋን ፐርሰንት ስትሠሩ የምታካፍሉበት የሕዝብ ቁጥር ከየት መጣ? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። በተተነበየው ቁጥር ላይ «ከዚህ ሕዝብ ውስጥ ይህን ያህሉ ከ1 ዓመት በታች ነው» የሚል ማባዣ ይመታና እቅድ ይሆናል። ከተማው በመሃል አድጓል፣ ተፈናቃይ ገብቷል፣ ወጣቱ ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ለዚህ ነው አንዱ ቀበሌ ከመቶ በላይ የሚከትበው፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ቀይ (ዝቅተኛ) ሆኖ የሚታየው። የቀዩ ቀበሌ ባለሙያ በየግምገማው ትወቀሳለች። ልጆቹ ግን ድሮም የሉ ይሆናል። ኬላዋ የቀሩትን ልጆች በስም አውጥታ መሄዷ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ስም ማካፈያ አያስፈልገውም።

የመንዝ ጤና መኮንን

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር አገኘሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥናት ማንበብና መመዘን የሚለውን ጨርሼ ልጣለው? ፒራሚዱን ብጥለው አይቆጨኝም። ሰው ጭራሽ ጥናት ማንበብ አይልመድ ማለት ግን ከበደኝ።

ካምፓስ ዳር

አትጣለው። ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌውን ጣል። ምሥራቅ ጎጃም ላይ የተሠራ ጥሩ ጥናት አለልህ።

በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ለደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። እነዚህ ሰዎች እግራቸው ድንገት እየጋለና እየቀላ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ይመላለስባቸዋል። ጥናቱ 696 ሰዎችን ይዞ በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን ወዲያው ቀላል እንክብካቤ ጀመረ። እግር መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነው። ሌላው ቡድን ያንኑ እንክብካቤ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። እንክብካቤ ባገኙት ላይ ሕመሙ ለአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ ተመላለሰ። በሚጠብቁት ላይ 23.9 ጊዜ።

ይህን ሁለት ቁጥር ብቻ ቦርድ ላይ ጻፍ። ስላይድ አያስፈልግም። አንዱ «በ19 ፐርሰንት ቀነሰ» ይላል። ሌላው «በዓመት 4 ከግማሽ ጊዜ ቀነሰ» ይላል። ሦስተኛው «ይሄ ሁሉ ተደርጎ 19 ጊዜ መታመም ምኑ መሻሻል ነው?» ይልሃል። ሦስቱም ያንኑ ቁጥር ነው የሚያነቡት። ተዋቸው፣ ይከራከሩ። ቀጥሎ ለቀን ሥራ የሚወጣ ገበሬ በዓመት 4 ጊዜ ያህል አልጋ ላይ ከመውደቅ መዳን ምን እንደሆነ ጠይቃቸው። ከዚያ ሳሙናው፣ ቅባቱና ፋሻው በእኛ ጤና ጣቢያ በጀት ይቻላል ወይ በላቸው። ጥናት መመዘን ከዚህ የተለየ አይደለም።

ማስተርስ ላይ ያለ

እኔም አንድ ልጨምር፣ ይሄኛው ግን ያጣላል። ዋግ ኽምራ ላይ በ40 አካባቢዎች የተሠራ የትራኮማ ጥናት አለ። ግማሾቹ የውሃ፣ የመጸዳጃና የፊት መታጠብ ትምህርት ጥቅል ተሰጣቸው። ከ3 ዓመት በኋላ በትናንሽ ልጆች ዓይን ላይ የተገኘው ኢንፌክሽን በሁለቱ ወገን ልዩነት አላሳየም። ክፍል ውስጥ ይህን ያነሳን ቀን ግማሹ ሰው «ታዲያ ፊት ታጠቡ ማለት እናቁም?» አለ።

ሲስተር ከቆላ

እግዚኦ! ይህንን ሰምቶ የሚሄድ ሰልጣኝ ምን ብሎ ሊያስተምር ነው?

ካምፓስ ዳር

ሲስተር፣ ለዚህ ነው ስልጠናው ላይ መነሳት ያለበት። ውጭ በወሬ ከሚሰሙት እዚያው አብረው ያንብቡት። ጥናቱ ፊት መታጠብ ከንቱ ነው አላለም። ያ ጥቅል፣ እዚያ ቦታ፣ በ3 ዓመት ውስጥ ኢንፌክሽኑን አልቀነሰውም ነው ያለው። ትራኮማ ከባድ በሆነበት አካባቢ ውሃና ትምህርት ብቻውን በዚያ ፍጥነት ይጨርሰዋል ብላችሁ አትጠብቁ ማለት ነው። መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምናውም ይቀጥላል። ንጹሕ ውሃ ደግሞ ለተቅማጥም፣ ለእከክም፣ እናት ሩቅ እንዳትሄድም ነው። አንድ ጥናት አንድ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። ሰልጣኙ «የትኛውን ጥያቄ?» ብሎ መጠየቅ ከለመደ ይበቃኛል።

አበል ናፋቂ

እሺ ይሁን። ጥናቱንስ ከየት ነው የምናመጣው? ኔትወርክ ዛፍ ላይ ወጥተን ነው የምንፈልገው።

ማስተርስ ላይ ያለ

ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ለማንም ነጻ ነው። ሂናሪ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በሌላው ዓለም በገንዘብ የሚነበቡ ጆርናሎችን እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በነጻ ይከፍታል። ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል ያለ ሰው የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍት ይጠይቅ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጆአና ብሪግስ ኢንስቲትዩት አጋር የሆነ የማስረጃ ማዕከል አለው፣ እዚያ የሰለጠኑ ሰዎችን ፈልጉ። ጤና ኬላ ያለችን እህት ግን ሂናሪ ክፈቺ ማለት ቀልድ ነው። እሷ ጥያቄውን ታምጣ። ፍለጋውን ኔትወርክ ያለው ሰው ሠርቶ፣ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ በቴሌግራም ይላክላት። ኔትወርኩ ከጠፋም መድኃኒት ይዞ በሚሄደው መኪና ወረቀቱ ይሂድ።

የመንዝ ጤና መኮንን

በሉ እንግዲህ፣ እንዲህ አስቤያለሁ። እረሙኝ።

ስልጠናው የተያዘለትን አምስት ቀን ወደ ሁለት አወርደዋለሁ። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ከሥሩ ካሉት ጤና ኬላዎች ጋር አብሮ ይቀመጣል። የየራሳቸውን መዝገብ ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ታሊ ሺት እንዳለው ቁጥሩን ማመሳከር ነው። ከሰዓት አንድ ጥያቄ ብቻ ያወጣሉ። «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፣ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። በሁለተኛው ቀን የእግር እብጠቱንና የትራኮማውን ጥናት እንከራከርበታለን። ከዚያ ስለየራሳቸው ጥያቄ ጋይድላይኑ ምን እንደሚል እናያለን፣ ምን እንደሚቀይሩም ይጽፋሉ። የተረፈው የሦስት ቀን ገንዘብ ለክትትል ይሁን ብዬ ልጠይቅ ነው። ክትትሉን አዲስ ስብሰባ አላደርገውም። ፒኤምቲው (የሥራ አፈጻጸም ተከታታይ ቡድኑ) በየወሩ ይሰበሰባል፣ አጀንዳው ላይ አንድ መስመር ይጨመርበት።

ሰልጣኞቹ አበሉ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ሲወርድ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

አበል ናፋቂ

ታውቃለህ። ግን ክትትል ላይ ለሚሄደው ሰውም የጉዞ አበል አለው አይደል? እንግዲያው እኔን ለክትትል መድበኝ።

ሲስተር ከቆላ

የጤና ጣቢያ ኃላፊዎቹም ይቀመጡ። ተላላኪ ልከው እንዳይቀሩ። እኛ ተምረን መጥተን «ማን ፈቀደልሽ?» ከተባልን ዋጋ የለውም። ደግሞ እናትን ማስረዳት የሚለውን እንዳትረሳው። አንዷ እናት፣ አንዷ ነርስ ሆነው ይለማመዱ። ኦአርኤሱን እዚያው ክፍል ውስጥ ይበጥብጡት፣ ይቅመሱት።

ፋርማሲ መስኮት

ዘግይቼ ገባሁ፣ አንብቤ ጨርሻለሁ። ሲስተር፣ ዚንኩ መዝገብ ላይ ያልተጻፈው ሁልጊዜ ነርሷ ረስታው ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ስቶክ ላይ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ያን አያሳይም። የሚያሳየው ቢን ካርዱ ነው። መድኃኒቱ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን ዜሮ እንደነበረ እዚያ ላይ አለ። መዝገቡንና ቢን ካርዱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ቢን ካርዱ ባዶ የነበረበት ሳምንት ላይ ነርሷን አትጠይቁ፣ ጥያቄውን ወደ እኛ አዙሩት።

የመንዝ ጤና መኮንን

ይሄ አልታየኝም ነበር። በጥሪ ደብዳቤው ላይ ከመዝገቡ ቀጥሎ ቢን ካርድ የሚል ገብቷል። ፋርማሲስቱም ከሰልጣኝ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፣ ጨምሬዋለሁ። ደብዳቤው ሰኞ ይወጣል።